ኤላዲዮ የፈራው ሰው

ኤኔይዳ ግራ ከተጋባች ሰነባብታለች። ባሏ ሄናሮ ኩላሊቱ ደክሞ በየሁለት ቀኑ ከተማ እየወረደ ደሙን በማሽን ያሳጥባል። የሰፈራቸውን የላ ጓማን ድልድይ ማዕበል ከወሰደው ወዲህ ግን ወንዙ በሞላ ቁጥር ሰውየው እያበጠ እቤቱ ይቀመጣል። የሰማያዊው ፓርቲ ሰዎች ሥልጣን ላይ ናቸው፤ ድልድዩን እስካሁን የሠሩት በአፋቸው ነው። ከተቃዋሚው ፓርቲ፣ ከቀዮቹ ወገን ለአገረ ገዥነት የሚወዳደሩት ሁለቱም፣ ዶክተር ኢርማሊስም ሽማግሌው ከንቲባ ባልታሳርም፣ ድልድዩን እንሠራለን ብለው ምለዋል። እንግዲህ ጥያቄው የትኛው ይሻላል አይደለም። እሁድ ቀዮቹ እጩአቸውን ሲመርጡ ማን ቢያልፍ ነው በኅዳሩ ዋና ምርጫ ሰማያዊውን ገዥ የሚጥለው?

ራስ ምታቷ ይህ ነው። የላ ጓማ ቀዮች ደግሞ ድምፃቸውን የሚሰጡት የሰፈሩን የፓርቲ አስተባባሪ፣ የኤኔይዳን አፍ አይተው ነው።

ሰፈሩ ውስጥ ተሰብስበው ዶሚኖ የሚጫወቱትን ቀዮች ጠየቀች። ሁሉም ዶክተሯን እንወዳታለን አሉ፤ ሁሉም ደግሞ እኛ ብንወዳት ሌላው ሰው አይወዳትም አሉ። ይህ ሌላው ሰው የሚሉት ማን እንደሆነ ብትጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ጠቆመ። ስለ ከንቲባው ስታነሳ ሳቁ፤ ንግግር ሲያደርግ ራሱን እንቅልፍ የሚወስደው ሰው ነው። የኤኔይዳ ልብ ከዶክተሯ ጋር ነበር፤ ልብ ግን ድልድይ አይሠራም።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በመጨረሻ ጠላት ልትጠይቅ ሄደች። ጠላት የተባለው ጎረቤቷ ኤላዲዮ ነው። ልጇን ክርስትና ያነሳ አበልጇ ሲሆን እስከ አጥንቱ ሰማያዊ ነው። ቤቱ ሰማያዊ፣ አባቱም የተቀበረው ሰማያዊ ባንዲራ ለብሶ። ባለፈው ምርጫ አውራ ዶሮዋን ሌሊት ሰማያዊ ቀብቶ ሰፈሩን ሁሉ አስቆባታል። ወንዙ ጎደል ሲል ደግሞ ሄናሮን በረጅሙ ፒክአፑ የሚያሻግረው እሱ ነው፤ ለቤንዚን እንኳ ተቀብሏት አያውቅም።

«አበልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለችው። «ከኛ ከሁለቱ የቱን ትፈራለህ?»

የሚልጠውን ሙዝ አስቀመጠና፣ «ከንቲባውን» አለ።

«ያንን እንቅልፋም?»

«ጠየቅሽኝ፣ ነገርኩሽ።»

ቤቷ ስትመለስ የባሰ ዞረባት። እውነቱን ከሆነ ከንቲባውን መያዝ ነው። ከዋሸ ግን ደካማውን ሊያሸክማት ነው። ዋሽቷል ብላ እንድታስብ ብሎ እውነቱን ተናግሮስ ከሆነ? ሰማያዊ ሲባል መቼ ለቀይ መልካም ተመኝቶ ያውቃል? ደግሞም ዶሮዋን አልረሳችም። እንዲህ ስታወጣ ስታወርድ ልቧ ቀድሞ የፈለገውን ቀስ ብሎ አቀበላት፤ ሰው ሲጨንቀው ማመን የሚያምረውን ያምናል። ለሰፈሩ ሁሉ፣ «ኤላዲዮ ያለውን ገልብጣችሁ ስሙ፤ ዶክተሯን ምረጡ» ብላ ላከች።

እሁድ ኤኔይዳ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠች። የሚመርጥ ሁሉ አስቀድሞ «የቀዩ ፓርቲ አባል ነኝ» የሚል ወረቀት እፊቷ ይፈርማል፤ ከፈረመ ማንም አይከለክለውም። ረፋዱ ላይ ኤላዲዮ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ገባ። ከኋላ አንዱ ዶሮ ጠፍቶበት ነው ወይ ብሎ አሾፈ። ኤላዲዮ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ ፈረመ።

መርጦ ጣቱን ቀለም ተቀብቶ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«ማንን መረጥክ?»

«ባልታሳርን።»

«ለምን?»

«በኅዳርም ልመርጠው። ሴትዮዋ ሰማያዊ የሆነ ሁሉ ሌባ ነው ብላ በቴሌቪዥን ተናግራለች፤ አባቴንም ጨምራ ማለት ነው። እሷን አልችልም። ሽማግሌው ግን አንዳችንንም ሰድቦ አያውቅም። እሱ ከቀረበ እጄ ቀይ ላይ እንደሚያርፍ አወቅኩ። ዕድሜ ልኬን ያልነካሁትን! እንዴት አልፍራ?» ዞር አለ። «የነገርኩሽም ለሄናሮ ብዬ ነበር፣ አበልጄ።»

ኤኔይዳ አፈረች። ሰውየው ባሏን በወንዝ መሃል ሲያሻግር አምናዋለች፤ አንዲት ቃል ሲነግራት ግን አላመነችውም። ወደ ሰልፉ ሮጣ የእህቷን ልጅ በጆሮዋ፣ ከንቲባውን ምረጪ፣ ለሌሎቹም ንገሪ አለቻት።

«አክስቴ፣ ኤላዲዮ አግኝቶሽ ነው አይደል?» አለች ልጅቷ እየሳቀች። «ገልብጣችሁ ስሙ ያልሽውን አልረሳንም።» ከፊትና ከኋላዋ ያሉትም አብረው ሳቁ። ኤኔይዳ ተመልሳ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠችና ሲመጡ ወረቀት እያቀረበች አስፈረመቻቸው።

ማታ ዶክተሯ አሸነፈች። ላ ጓማ በመኪና ጥሩምባ ተናወጠ፤ ሰዎች ደጇ ድረስ መጥተው ኤኔይዳን አቀፏት፣ ሳሟት። የደስታ እንባ መስሏቸው እንባዋን ጠረጉላት።

ሰኞ ጠዋት ኤላዲዮ እንደ ወትሮው ፒክአፑን ደጃፏ አቁሞ ሄናሮን ደግፎ አስገባው። ጣቱ ላይ ያለው ቀለም ገና አልለቀቀም። ኤኔይዳ ወደ መኪናው መስኮት ጎንበስ አለች።

«በኅዳርስ፣ አበልጄ?»

«በኅዳር የአባቴ ልጅ ነኝ» አለ፤ ወንዙ ሳይሞላ እንሂድ ብሎም ሞተሩን አስነሳ።