ስኳር የሚበላው ጭቃ

ይህ ምንድን ነው ብለው ቢጠይቋቸው ምን ሊመልሱ ነው?

ወይዘሮ ታደለች ከማለዳ ጀምሮ ይህንኑ ያብሰለስላሉ። የአብዮት ጠባቂዎቹ አሰሳ ከላይ ከባሕር ዛፉ ጥግ ተነስቶ ቤት ለቤት እየወረደ ነው። የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪዋ የልጅ ልጃቸው አስቴር ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ጭቃ የሞላበት የማርማላታ ጠርሙስ ተቀምጧል፤ ከጭቃው ሁለት ሽቦ ወጥቶ የመለኪያ መርፌ ካላት ሳጥን ጋር ተያይዟል። ላየው ሰው ከመገናኛ ራዲዮ በምን ይለያል? ባለፈው ሳምንት ከታች ሰፈር አንዱን የወሰዱት ለዚያ አይደል?

«ልድፋው ስልሽ እምቢ አልሽ!»

«እማዬ፣ ሦስት ወር የለፋሁበት እኮ ነው። ውስጡ ነፍስ አለው።»

«እኔ የምፈልገው ያንቺን ነፍስ ነው!» ከሟች ልጃቸው የተረፈቻቸው እሷ ብቻ ናት።

በሩ ተንኳኳ። የገባው ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤታቸው፣ አብዮት ጠባቂው ገረሱ ነው። ጠመንጃ አንግቷል።

«ይግቡ… ይቀመጡ» አሉ ወይዘሮ ታደለች።

«ምነው እማማ? ትናንት ‹አንተ ገረሱ፣ ፍየልህን እሰር!› ሲሉኝ አልነበር? ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት?» ሳቅ ብሎ ዞር ሲል ጠርሙሱን አየ። ሳቁ ጠፋ። «ይሄ ምንድን ነው?»

አስቴር ተንተባተበች። «ባክቴሪያ ነው… ኤሌክትሪክ… ምልክት ይሰጣል…»

«ምልክት? ለማን?»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ ወይዘሮ ታደለች ከፊቷ ተደንቅረው። «እኔ ልንገርህ ገረሱ። ከወንዙ ዳር የዛቀችው ጭቃ ነው። በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አሉበት፤ ሲበሉ ትንሽዬ ኮረንቲ ይለቃሉ። ሽቦዎቹ የታሰሩባቸውን የከሰል ዘንጎች ከሞተ የራዲዮ ድንጋይ ነው ያወጣቻቸው። አታምንም? ቆይ!»

ከቀበሌ ሱቅ ለወሩ ከደረሳቸው ስኳር አንድ ማንኪያ በጥብጠው ጭቃው ላይ አፈሰሱት። ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ገረሱ የጠመንጃውን ማንገቻ ጠበቅ አደረገ።

«ብላ እንጂ፣ ብላልኝ የኔ ጌታ» እያሉ ወይዘሮ ታደለች ጠርሙሱን ለመኑት፣ እምቢ ያለ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው።

ቆይታ፣ ቆይታ፣ መርፌዋ ቀና አለች።

«አቤት!» አለ ገረሱ ሳያስበው። «ግን ምን ይሠራል?»

«ለውሃ ነው» አለች አስቴር፣ ድምጿ ተመልሶላት። «የፈሰሰባቸው ውሃ ንጹሕ ከሆነ የሚበሉት አያገኙም፤ መርፌዋ ትተኛለች። ሽንት ቤት የሰረገበት ከሆነ ትነሳለች። ሰው ሳይጠጣው ይታወቃል።»

ገረሱ ጠርሙሱ ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። በክረምቱ የሁለት ዓመት ልጁን በተቅማጥ ቀብሯል። የቀሩት ሁለቱ ዛሬም የሚጠጡት ከዚያው ከራሱ ግቢ የውሃ ጉድጓድ ነው። ወይዘሮ ታደለች ይህን ያውቃሉ።

ገረሱ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ከበሩ ሥር ባዶ ጣሳ አነሳና ውሃ ሊቀዳ ወደ ጉድጓዱ ወጣ።