በወፍጮ የተለወጠችው ማዜራቲ

ሰላሁዲን አሰላ ውስጥ መካኒክ ሆኖ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ሃያ ሁለቱን ዓመት ታዲያ እሑድ እሑድ የሚያሳልፈው የወፍጮ ነጋዴ የነበሩት አባቱ ሐጂ አብዶ ትተውለት ከሞቱት መኪና ጋር ነበር። መኪናዋ ማዜራቲ ጊብሊ ናት፤ ቀይ፣ ረጅም፣ ከመሬት ብዙም የማትነሳ። የሰፈሩ ሰው «ጠፍጣፋዋ» ይላታል።

ዘንድሮ ወገቡ እምቢ አለው። ከልጆቹ የሚፈልጋት ስለሌለ ሊሸጣት ቆረጠ። አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ኖህ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ መጣ፤ ከሥሯ ገብቶ ቁጥሯን ሁሉ አይቶ ወደዳት። አንድ ነገር ግን ከነከነው።

«ሊብሬው ላይ መጀመሪያ ሲኞር ሬናቶ የሚባል የእርሻ ባለቤት አለ» አለ ኖህ። «ከዚያ በ1976 አባትህ። መሀሉ ዘጠኝ ዓመት ባዶ ነው። እንዲህ ያለች መኪና ታሪኳ ካልተሟላ ሰው የተሰረቀች ነው የሚላት። ማን ጋ ነበረች?»

ሰላሁዲን ያውቃል። አባቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየሳቁ ያወሩት ነበር፤ ዲክሲስ ከምትኖር ሴት በወፍጮ ለውጠው እንዳመጧት፣ ሴትየዋም ምን እንደሰጠች እንዳላወቀች። በወጣትነቱ አብሮ ይስቅ ነበር። የመኪናዋን ዋጋ ካወቀ ወዲህ ግን ነገሩ ከሆዱ አልወጣም። ቢሆንም አንድ ቀን እንኳ ሄዶ ሴትየዋን አልጠየቀም።

«ሙሉዬ ይባላሉ» አለ። «በሕይወት ካሉ።»

በማግስቱ በኖህ መኪና ዲክሲስ ሄዱ። ወይዘሮ ሙሉዬን ያገኟቸው ወፍጮ ቤታቸው ነው። ደጁ ላይ ገብስ የተጫኑ አህዮች ተሰልፈዋል። ሴትየዋ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሷል።

«የሐጂ አብዶ ልጅ ነኝ» አለ ሰላሁዲን።

ወይዘሮዋ ትኩር ብለው አዩት። «መኪናዋ አለች?» አሉ።

«አለች። ትነዳለች።»

«ኮታ፣ ኑ ግቡ» አሉና ወደ ቤት ይዘዋቸው ገቡ።

ታሪኩን ሳይለመኑ ነገሯቸው። በሃያ ዓመታቸው የሲኞር ሬናቶ እርሻ ላይ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ መንዳትም የተማሩት እዚያ፣ በትራክተር ነው። መሬት ሲወረስ ሬናቶ አገር ለቅቆ ለመሄድ የቀረው ሁለት ቀን ብቻ ነበር። ቁልፉን ሰጣቸውና «ሌላ ሰው ይሰባብራታል፤ አንቺ ትጠብቂያታለሽ» አላቸው። አባታቸው መኪናዋን በረት ውስጥ በገብስ ጭድ ቀበሯት። አንድ ጊዜ ሚሊሻዎች እህል ፍለጋ መጥተው ጭዱን በዱላ ሲወጉት ብረት ጮኸ። አባታቸው «የተሰበረ ትራክተር ነው» ብለው ሸኟቸው።

«አንድ ቀን ብቻ ነድቻታለሁ» አሉ። «ሰዉ ሁሉ ገበያ በሄደበት፣ ከበረቱ እስከ ወንዙ።»

ሰላሁዲን ወደ እሳቸው ዞረ። «እትዬ ሙሉዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባቴ አታለውዎት ነበር?»

«ማን? ሐጂ?» ሳቅ አሉ። «ያን ጊዜ እዚህ ወፍጮ አልነበረም። እናቴ እጇ እስኪላጥ በድንጋይ ትፈጭ ነበር። እኔ ደግሞ በረት ውስጥ የማልነዳት፣ የማላሳያት መኪና አለችኝ። አሰላ ድረስ ሄጄ ወፍጮ ስጠኝና መኪና ውሰድ ያልኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ያመጣው ሞተር ያረጀ ነበር። መለስኩበት። ሁለተኛውን አዲስ አመጣ።»

«እሳቸው እኮ ሳታውቅ ሰጠችኝ ነበር የሚሉት።»

«ይበል። ነጋዴ እንዲያ ካላለ እንቅልፍ አይወስደውም። አምስት ልጅ ያሳደግሁት በዚያ ወፍጮ ነው።»

የሰላሁዲን ትከሻ ሸክም እንዳወረደ ሰው ዝቅ ሲል ኖህ አየ።

ወይዘሮ ሙሉዬ ከሳጥን ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ሬናቶ በእጁ ጽፎ፣ የእርሻውን ማኅተም መትቶ መኪናዋን የሰጣቸው ደብዳቤ ነው። ኖህ በጣቱ ጫፍ ያዘው። «ስምዎ በታሪኳ ላይ ከሬናቶ ቀጥሎ ይጻፋል» አላቸው።

«ከነአባቴ ስም ጻፈው፤ ሙሉዬ ገብረ ማርያም። ከመሸጧ በፊት ደግሞ አምጧትና ድምጿን ልስማ።»

ቅዳሜ ሰላሁዲን፣ መንገዱ ሆዷን እንዳይልጠው፣ በአይሱዙ ጭኖ አመጣትና ኳስ ሜዳው ላይ አወረዳት። የተደበቁት መብራቶቿ እንደ ዓይን ሽፋን ሲገለጡ የተሰበሰበው ሰው «ነቃች» እያለ ሳቀ። ወይዘሮ ሙሉዬ ትራስ አስመጥተው መሪው ጋ ተቀመጡ። ሞተሩ ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ካምቢዮውን አስገብተው ሜዳውን ቀስ እያሉ ሁለት ጊዜ ዞሩት። ሰላሁዲን አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር።

ሲወርዱ «ፍሪሲዮኑ እግር ላይ ከብዷል» አሉት።

«አስተካክለዋለሁ» አላቸው፤ አስተካከለውም።

በቀጣዩ ሳምንት ኖህ መኪናዋን ወደ አዲስ አበባ ወሰዳት። ሰላሁዲን ጋራዡ በር ላይ ቆሞ እስክትታጠፍ ሸኛትና ቤቱ ገባ። እሑድ ነበር። ከባለቤቱ ከፋይዛ ጋር ምሳውን በላ፤ ወሬያቸው ሳያልቅ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።