ለትርሲት የተላጠ እንቁላል

የቤታችን ዶሮዎች የሚጥሉት ለዋጃ ገበያ እንጂ ለእኛ ሆድ አይደለም። የወንድሜ የሞላ ሚስት ትርሲት ነፍሰ ጡር ሆና እንኳ እናቴ ብዙነሽ የእንቁላሉን ቅርጫት አላስነካ አለች። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያስተማረኝ ሰው ባይኖርም ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ ዝም አልልም።

«እማዬ፣ የልጁ አእምሮ የሚሠራው አሁን ነው፤ የሚሠራውም እሷ ከምትበላው ነው። በማሽላ እንጀራ ብቻ ምን ይሁን?»

«እንቁላል ከበላች ልጁ ይገዝፍባታል። ምጡን አንቺ ታምጭላታለሽ?»

«ወተቱስ?»

«ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል።»

«ወተት ነው ኖራ?»

ትርሲት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። እናቴ ግን አልሳቀችም። እኔም የልብ ልብ ተሰማኝና ቀጠልኩ።

«እናት በደንብ ካልበላች ጉዳቱ ልጁን ዕድሜውን ሙሉ ሊከተለው ይችላል። ፊደል ይከብደዋል፤ የነገሩት ቶሎ አይገባውም…»

እናቴ ወደ ደጅ አየች። ሞላ ከሽንኩርት ማሳ ተመልሶ እግሩን እየታጠበ ነው። ሞላ አንደኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ደግሞ ትምህርቱን የተወ ነው። ዛሬም ሽንኩርት ሲመዘን ቁጥሩን እንድነግረው ዓይን ዓይኔን ያያል።

«እሱን ሳረግዝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አማቴ እንቁላል አላስቀምሰኝ አለች። እኔም ልጁ ትንሽ ይሁንልኝ ብዬ በቀን አንዴ ነበር የምበላው። አንቺን ሳረግዝ እሷ ሞታለች፤ እንዳሻኝ በላሁ። እንግዲህ የምትይው እውነት ከሆነ፣ እኔ ልጄን ምን አደረግኩት?»

ለካ እስከዛሬ ስትከራከረኝ የነበረው ሳይገባት ቀርቶ አይደለም።

አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። «በአንድ ነገር ብቻ አይሆንም እማዬ። ድርቁ ነበረ፣ ወባው ነበረ። አንቺ የመሰለሽን አደረግሽ። ደሞ እኔ ይኼን ሁሉ ምላስ ይዤ የሞላን ግማሽ ደግነት አላገኘሁም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አለች፣ ሳታቅማማ።

ተነስታ ከቅርጫቱ እንቁላል አወጣችና ቀቀለች። የመጀመሪያውን ልጣ በእጇ ትርሲትን አጎረሰቻት።

«ብይ ልጄ። ይግዘፍ። ምጡ ቢጠና ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ሁለተኛውን ይዛ ሞላ ፊት ቆመች። ያ ግዙፍ ሰውዬ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ፤ ወዲያው ግን እንቁላሉን ከእጇ ተቀብሎ ለሚስቱ ሰጣት።

«የሚያስፈልገው ለውስጠኛው ነው» አለ።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«አንቺ ነሻ! ስንት ወር ሙሉ ስትጮሂ አልሰማሁም?» ከዚያ ወደ እናታችን ዞሮ ትከሻዋን ያዝ አደረጋት። «እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም፣ እምዬ። ከገባኝ ግን ገባኝ። አንቺም እንዳታለቅሺ።»

እናቴ አላለቀሰችም። ሦስተኛውን እንቁላል መላጥ ጀመረች።