የመርፌው ቀን

«ልጄ አንድ ቀን እንኳን ቀጠሮ አላጎደለም» አለ ልብስ ሰፊው፣ ለገባው ሰው ሁሉ የሚናገረውን ለአዲሱ እንግዳ እየደገመ። «በየወሩ መርፌ እየተወጋ ነው የሞተብኝ።»

አዲሱ እንግዳ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ ነበር። ይህ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳን ዝም ማለት አይሆንለትም። «መድኃኒቱ ውሃ ነበራ! ክሰሳቸው። እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

«አንተ ደግሞ ምን አይተህ ነው የምትመሰክረው?» አለችው የልብስ ሰፊው ታላቅ እህት፣ ስኒ እያቀበለችው። «ይልቅ ቡናህን ጠጣ።»

አግዳሚው ላይ ከተደረደሩት ሁለት ሦስት ሰዎች ፈገግታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ልብስ ሰፊው አልሳቀም። ልጁ ከተቀበረ ጀምሮ እንቅልፉን የነሳው ይኸው ነው። ልጁ ትንሽ ሳለ የጉሮሮ ሕመም ወደ ልቡ ወርዶበት ነበር። ሐኪሞቹ በየወሩ አንድ መርፌ አዘዙለት፤ እሱ ካልተቋረጠ በሽታው አይመለስም፣ ልጁም አድጎ ይኖራል አሉ። መርፌው አልተቋረጠም። በሽታው ግን ተመለሰና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ወሰደው። ስለዚህ አንድ የበደለ ሰው መኖር አለበት። ልብስ ሰፊው ያን ሰው ሳያገኝ እንባ አልወጣ ብሎት ደረቱ ላይ ቆሟል።

ልጁ ያደገው በሕፃናት ሆስፒታል ነው ማለት ይቻላል። አንዲት ሲስተር ነበረች፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የወጋችው እሷ ናት። የመድኃኒቱን ብልቃጥ መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ታሞቀዋለች፣ ቀዝቃዛው የበለጠ ያማል ብላ። ሕፃናቱ ልጁን «አለቃ» ይሉት ነበር፤ ከሁሉም በፊት መጥቶ ወንበር የሚያስይዛቸው እሱ ስለሆነ። አሥራ ስምንት ሲሞላው ግን ደንብ ነውና ፋይሉ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የአዋቂዎች ሆስፒታል ተላከ።

የመጀመሪያው ቀን አባትና ልጅ አብረው ሄዱ። የመርፌው ክፍል የሚከፈተው ከምሳ በኋላ መሆኑን ያወቁት በጠዋት ከደረሱ በኋላ ነው። ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ሲጠብቁ ዋሉ። በሽታው እድገቱን ስለያዘበት ልጁ ያኔም ከአሥራ አራት ዓመት አይበልጥም ነበር፣ ላየው።

ወረፋቸው ሲደርስ ጥበቃው «አባት፣ ይግቡ። ልጁ እዚህ ይጠብቅዎት» አለ።

«በሽተኛው እሱ ነው።»

«እሱ? ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋል? ጡት የሚጠቡት ማዶ ናቸው።»

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ልብስ ሰፊውም ነገሩ እንዲቀል ብሎ አብሯቸው ሳቀ። ልጁ አባቱን ቀና ብሎ አየውና ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ። ውስጥም ሰላም ያለው የለም። መጋረጃው ግማሽ ነው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ይዛ ትወጣለች ትገባለች፤ «ሱሪህን ዝቅ» ብቻ ነው የተባለው።

ሲመለሱ ልጁ «ከአሁን በኋላ ብቻዬን ነው የምሄደው» አለ። «ልጅ አይደለሁም።»

ልብስ ሰፊው ጎረመሰልኝ ብሎ ደስ አለው። ከዚያ ወዲህ በቀጠሮው ቀን ልጁ በጠዋት ይወጣል፣ ለምሳ እያነከሰ ይመለሳል። አባትየው የፕላስቲክ ጠርሙስ በሙቅ ውሃ ይሞላና በፎጣ ጠቅልሎ ጎኑ ሥር ይወሽቅለታል። «ዛሬስ እጃቸው እንዴት ነው?» ይለዋል። «ከባድ ነው» ይላል ልጁ። በኋላ በኋላ ሱሪው ወገቡ ላይ አልዘጋ አለ። ልብስ ሰፊው ስፌቱን ፈቶ ሲያሰፋለት «ተመስገን፣ ሥጋ ያዝክልኝ» እያለ ነበር። ሥጋ አልነበረም፤ ልቡ ደክሞ ሰውነቱ ውሃ ይቋጥር ነበር።

ሲስተር ወደ ለቅሶው የመጣችው የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ያለ ነጭ ጋዋን ስለነበረች ልብስ ሰፊው መጀመሪያ አላወቃትም። አጠገቡ ተቀምጣ ብዙ አለቀሰች።

«እኔ ጋ ሳይመጣ የቀረበት ወር የለም እኮ» አለችው፣ በመሀረብ አፍንጫዋን እየጠረገች።

«አንቺ ጋ? ወደ ማዶ ከተዛወረ በኋላም?»

«በቀጠሮው ቀን እዚያ ተወግቶ ሲጨርስ ወደኛ ይሻገር ነበር። በጠዋት እያነከሰ ሲገባ ሕፃናቱ ‹አለቃ መጣ› ብለው ይንጫጫሉ። የሚያለቅሰውን እጁን ይዞ ‹እኔ አሁን ተወግቼ መጣሁ፣ ሳለቅስ አየኸኝ?› ይለዋል። እስከ ምሳ እነሱን ሲያስቅ ነው የሚቆየው።»

«በጠዋት?»

«በር ስከፍት ቆሞ ነው የማገኘው።»

ልብስ ሰፊው ስኒውን መሬት አስቀመጠ። የማዶው ክፍል በጠዋት አይከፈትም፤ እስከ ዛሬ ልብ ብሎት አያውቅም። ከምሳ በኋላ ደግሞ ልጁ እዚሁ ቤት ነበር፣ ጎኑን በሙቅ ውሃ እያስታመመ። አብረው በልተዋል፣ በየወሩ። ከዚያች የመጀመሪያ ቀን ወዲህ ልጁ መርፌ የሚባል ነገር አልተወጋም። የሳቁበት ቦታ ላለመመለስ፣ አለቃ የሚሉት ጋ ሄዶ ተደበቀ።

ሲስተር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ማዶ በትክክል ይወጉት ነበር? አንድም ቀን ደውዬ አልጠየቅኋቸውም። ሲያነክስ አየዋለሁ፣ ተወጋ ብዬ ደስ ይለኛል። መድኃኒቱ እኮ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። ትንሽ ብጠረጥር ደንቡን ጥሼ እወጋው ነበር።»

ፀጉር አስተካካዩ ወሬውን አቁሞ ወደነሱ ዞረ። ልብስ ሰፊው ስንት ቀን ሙሉ የሚበቀለው ሰው ሲፈልግ ነበር። አሁን አንዷ አጠገቡ ናት፣ ሌላው ራሱ ነው፤ ያ የአግዳሚው ሳቅ ጆሮው ውስጥ አለ፣ የራሱ ድምፅ ከሁሉም በልጦ ይሰማዋል። ጉልበቷ ላይ የተቀመጡትን እጆቿን አየ። ልጁን እንዳያመው ብልቃጥ ያሞቁ እጆች ናቸው።

«አላቋረጠም» አላት። «ጎኑን የማስታምመው እኔ አይደለሁ እንዴ? አንድም ወር አላቋረጠም።»

ትከሻዋ ዝቅ አለ። «እግዜር ያጽናዎት» አለች፤ ስትተነፍስ ተሰማው።

«ይኸው፣ አላልኩህም?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እነሱ ናቸው። ክሰሳቸው።»

«ተወኝ፣ ወንድሜ። ማንንም አልከስም።»

እንግዶቹ ሲሳሱ ልብስ ሰፊው ተነስቶ ወደ ማጀት ገባ። እህቱ ተከትላው ስትገባ ከማንቆርቆሪያው ሙቅ ውሃ ወደ ፕላስቲክ ጠርሙስ እየቀዳ አገኘችው።

«ጎንህን አመመህ እንዴ?»

«አይ» አለ።

ክዳኑን አጥብቆ ዘጋ፣ በፎጣ ጠቀለለው። ከዚያ ወደ ልጁ ክፍል ይዞት ገባ። እንዳያቃጥል ክንዱ ላይ አድርጎ ለካው፤ ትንሽ ጠበቀና እንደገና ለካው። ሲበርድለት አልጋው ላይ፣ የልጁ ጎን በሚያርፍበት በኩል አስቀመጠውና ብርድ ልብሱን አለበሰው።