«ሉክ» ከነጓዙ

ባሌ ግማሽ አካሉ ከከዳው ወዲህ ያልከዳው እንግሊዝኛው ብቻ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምረው ኖሮ አሁን የቀረችው ተማሪ የገዛ ልጁ ናት። ውጭ አገር ሄዳ አቅመ ደካማ ሰዎችን ለመንከባከብ ልትቀጠር ነው፤ ፈተናው ደግሞ በስልክ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ነው።

«‹ሉክ› ብቻውን ማየት ነው» ይላታል ትራሱን ተደግፎ። «‹ፎር› ሲከተለው መፈለግ ይሆናል። ‹አፍተር› ሲከተለው መንከባከብ። ያንቺ እንጀራ ያለው እሱ ላይ ነው።»

«አንድ ቃል ይሄን ሁሉ ጓዝ ተሸክሞ ምን ያንከራትተዋል?» አልኩ። ሳቁብኝ። ይሳቁ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ጠዋት ማታ እሱን የምታነሳው፣ የምታገላብጠው እሷ ናት፤ የእኔ ወገብ ካለቀለት ቆይቷል። አትሂጂ እንዳልላት መድኃኒቱ በምን ይገዛ? ሂጂ እንዳልላት አፌ እሺ አይለኝም።

የፈተናው ቀን ስልኩን ወንበር ላይ አቆመችው። ፈታኟ ሴትዮ፣ በኋላ እንደነገረችኝ፣ በሽተኛ እንዴት እንደሚነሳ አሳዪኝ ብላታለች። ልጄ እጆቿን በብብቱ ስር ሰደደች። እኔ ስነካው ድንጋይ የሚሆንብኝ ሰውዬ ደህናውን እጁን አንገቷ ላይ ጥሎ፣ ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ ተነሳላት። ሴትዮዋም ይሄ ሰው ማነው ብላ ጠየቀች።

ሥራውን ያገኘላት ደላላ አስቀድሞ አስጠንቅቋት ነበር። ቤቷ በሽተኛ ያለባትን አይወስዱም፤ ሥራውን ጥላ ትመለሳለች ብለው ይፈራሉ። ልጄ አባቷን እንዳቀፈች እንግሊዝኛውን አንበለበለችው። እኔ የለየሁት «አፍተር» የምትለዋን ብቻ ነው። ባሌ ዓይኑን ጨፈነ።

ስልኩ ሲዘጋ አባቷን መልሳ አስተኛችውና «አለፍኩ» አለች፣ አቀርቅራ።

«ማነው አልሻት?» አልኳት።

የመለሰልኝ አባቷ ነው።

«‹ጎረቤታችን ነው፤ ዘመድ የለውም፤ አልፎ አልፎ እንከባከበዋለሁ› አለቻት።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «አንድም ስህተት የለበትም፣ ሚጡ» አላት።

«አባዬ...»

«ጎበዝ።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓሮ ወጣች። እሱ «ወደ ግድግዳው አዙሪኝ» አለኝ። ትከሻውን ይዤ ሳብኩ፤ ንቅንቅ አላለም። ከወገቡ በኩል ሞከርኩ። ጉልበት ከየት ይምጣ?

«ተይው በቃ» አለኝ።

ከጓሮ ልቅሶዋ ይሰማኛል። እንዲህ ሆና ልጠራት ነው? እሱም ፊቱን የሚያዞርበት አጥቶ እንባው ጆሮው ውስጥ ይወርዳል። ምን ላድርግ፣ ጠራኋት።