አዲሱ ዲስክና የጠዋቱ ሻይ

ባለቤቴ የመጻሕፍት ገጽ አቀናባሪ ነው። የሌላውን ሰው ድርሰት ተቀብሎ ፊደሉን፣ ኅዳጉን፣ ሥዕሉን አስተካክሎ ለማተሚያ ቤት ያደርሳል። የሚሠራውም እዚሁ ሳሎናችን ጥግ፣ መስኮቱ ሥር ነው። እኔ ደግሞ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ማሽን ስፈታና ስገጥም እየዋልኩ፣ የገዛ ቤቴ ማሽን እንደ ኤሊ ሲያዘግም አይቼ እንዳላየሁ አልፈው ነበር። ምክንያት ነበረኛ።

ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ ኮምፒውተሩን ያበራና ወደ ማእድ ቤት ይመጣል። ማሽኑ ሲያቃስት፣ ሲያዛጋ፣ እኛ ሻያችንን ይዘን ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። እሱ ያየውን ሕልም ይነግረኛል፤ እኔ ላፕቶፑ ላይ ሾርባ ደፍቶ «ዝም ብሎ ነው የጠፋው» ያለኝን ደንበኛ አማለሁ። ማሽኑ ሲነሳ እሱ ወደ ገጾቹ፣ እኔ ወደ ሱቄ። ማታ ሁለታችንም ደክሞን ቃል አይወጣንም። ባሌን ባሌ ብዬ የማገኘው በዚያች የሻይ ሰዓት ብቻ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በቅርቡ ግን ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ሰሙና «ይኼ ዕቃ እንደኔ ጉልበት መንቋቋት ጀመረሳ» አሉ። ባለቤቴ ሳቁ አልመጣለትም።

«አንቺ ሴትዮ፣ የሰውን ሁሉ ስታድኚ የኔን መቼ ነው የምታዪልኝ?» አለኝ።

ልክ ነው። ያ ድምፅ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም። ዲስኩ ሊሞት ነው፤ ውስጡ ደግሞ ገና ያላለቀ መጽሐፍ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲስ ዲስክ ይዤ ገባሁ። አማቴ መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጡት።

«ይኼ ነው ያን ሁሉ የሚሸከመው?»

«አዎ እማማ። ውስጡ የሚሽከረከር ነገር የለም፤ አይንቋቋም፣ ፈጣንም ነው።»

«ለጉልበት የሚሆን አልነበራቸውም?»

መጀመሪያ የባለቤቴን ሥራዎች በሌላ ዲስክ አስቀመጥኩ። ከዚያ ካቻቢቴዬን አውጥቼ ሽፋኑን ከፈትኩ፣ አቧራውን እፍ አልኩ፣ አዲሱን ዲስክ ከአሮጌው ጎን ሰካሁና ሲስተሙን ከነፕሮግራሙ እንዳለ መገልበጥ ጀመርኩ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ሚስቱ ምጥ እንደያዛት ሰው ይንቆራጠጣል።

«ፎንቶቼ አይጠፉም አይደል?»

«አይጠፉም።»

«የገጾቹ ቅንብርስ?»

«አንተን ነው የማጠፋህ፣ ሂድ ቁጭ በል።»

ተገልብጦ ሲያልቅ አጥፍቼ አበራሁት። ጠበቅን። አሁንም ጠበቅን። ያው እንደ ወትሮው እያቃሰተ ተነሳ።

«ምነው፣ ምንም አልተለወጠም እኮ» አለ ባለቤቴ ፊቱ ቅጭም ብሎ።

እኔ ወዲያው ገባኝ። ሁለቱም ዲስኮች ውስጥ ናቸው፤ ከአዲሱ ተነሳ ብዬ ስላላዘዝኩት የለመደውን አሮጌውን ይዞ ተነሳ። ለተለማማጅ እንኳ የማልምረው ስህተት ነው። ለደንበኛ ረስቼው አላውቅም። ለራሴ ቤት ሲሆን ግን ረሳሁት፤ እጄ እያወቀ ነው የረሳው።

ይባስ ብሎ ደስ አለኝ። «ሥራህ ስለከበደው ነው» ብዬ ሽፋኑን ብገጥመው ማን ይጠይቀኛል? ሻዬ ይተርፍልኛል። ሽፋኑን ልገጥም አነሳሁ። በዚህ መሀል አሮጌው ዲስክ ቀጭ አለ። የዛሬውን ሥራ አስቀምጬለታለሁ፣ የነገውንስ? አንድ ቀን የደከመበትን ሁሉ ይዞበት ሊጠፋ ነው፣ እኔም እያወቅኩ። በራሴ ተናደድኩ። አጥፍቼ አሮጌውን ነቀልኩና አዲሱን ብቻ ትቼ አበራሁ።

ባለቤቴ ወንበሩን ስቦ ሳይቀመጥ ስክሪኑ በርቶ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነበር። እንደ ልጅ ሳቀ። ደጋግሞ እያጠፋ አበራው፣ እናቱን ጠርቶ አሳያቸው፣ ግንባሬን ሳመኝ። የሱ ደስታ እኔንም ደስ አሰኘኝ፤ የጠዋት ሻያችን ግን ትዝ አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ሻይ ጣድኩ። ማብሪያውን ሲጫን ሰማሁ፤ ወዲያው የኪቦርዱ ድምፅ ተከተለ። በቃ አለቀ አልኩ። ሻዩን ቀድቼ የሥራ ጠረጴዛው ድረስ ወሰድኩለት።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ ፊቴን አይቶ።

«ቅዳሜ ማሽኑን እንደ ቀረፈፈ ልተወው ዳድቶኝ ነበር» አልኩት። መደበቅ አልችልበትም።

«ለምን ብለሽ?»

«ጠዋት ሻይ ከማን ጋር ልጠጣ?»

ጣቶቹ ኪቦርዱ ላይ ቆሙ። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀብሎ ቀድሞኝ ወደ ማእድ ቤት ሄደና የወትሮ ቦታው ላይ ተቀመጠ።

«ማሽኑ በርቷል እኮ» አልኩት።

«ይብራ» አለ ሻዩን እያማሰለ። «ስንት ዓመት ሙሉ እኛ ጠበቅነው። አሁን ተራው የሱ ነው፣ ይጠብቀን።»

ያን ቀን ሱቄን የከፈትኩት አርፍጄ ነው።