የሮስቪታ ጣውላ

ወንድሜ ኦይገን ግትር ነው። ይህን የምለው ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ሰው ቢለው እጣላለሁ። ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ሆኖ ኖሯል፤ የመንደራችን ግማሽ በርና መስኮት የእሱ ሥራ ነው። ሚስቱ ሮስቪታ ከሞተች ወዲህ ግን ግትርነቱን ይዞ ማድ ቤት ገባ።

የነገሩ መነሻ ልጁ ካሮላ ናት። ካሮላ ስንዴ አይስማማትም። ማማረጥ አይደለም፤ ሐኪም ያረጋገጠው በሽታ ነው፣ የዱቄት ብናኝ እንኳ አንጀቷን ያቆስለዋል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላልን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የምትጾም ይመስል በራሷ ፈቃድ ትታለች።

ያለፈው ገና ኦይገን ከድንች ሊጥ እየተንከባለለ የሚሠራውን የድንች ኑድል ሠራላት። ሊጡ እንቁላልም ስንዴም ስለሌለው አልያዝ አለው። አንድ ጭብጥ የስንዴ ዱቄት ጣል አደረገበትና ዝም አለ። «ይቺ ምን ታደርጋታለች» ብሎ ነው። ካሮላ በዓሉን አልጋ ላይ አሳለፈችው። ስትነሣ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ከእጅህ አልበላም» አለችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ነው። እሱ የሠራውን ይበላል፣ እሷ ያመጣችውን ትበላለች። የምሳ ዕቃው ክዳን ሲከፈት ኦይገን ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል።

ባለፈው ዓርብ ደወለልኝ።

«እትዬ፣ ነገ የድንች ኑድል ልሠራ ነው። ያለ ምንም።»

«ያለ ምንም ማለት?»

«ያለ እንቁላል፣ ያለ ስንዴ። ያለ ውሸት።»

«እንግዲያው ድንቹን ዛሬውኑ ከነልጣጩ ቀቅለው። የሚፈረፈረውን ዓይነት ግዛ፣ ያን ውሃ የሚበዛበትን እንዳታመጣ። አድሮ ይቀዝቅዝ። ትኩስ ድንች ሙጫ ነው የሚሆንብህ።»

«አናጢን ስለ ሙጫ ታስተምሪያለሽ?»

«ገና ላይ ያበላኸንስ ምን ነበር?»

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ቅዳሜ ደጄን ጠርጌ ሄድኩ። በእኛ አገር ቅዳሜ ደጇን ያልጠረገች ሴት የሳምንት ወሬ ትሆናለች። ኦይገንን የሮስቪታን ሽርጥ ታጥቆ አገኘሁት። ድንቹን ልጦ በመጭመቂያው አሳልፎታል፤ የድንች ስታርች፣ ጨውና ገውዝ የሚሉትን ቅመም ትንሽ ጨምሮበታል።

«አትሸው!» አልኩት። «ሰብሰብ ብቻ አድርገው። እንቁላል የሌለው ሊጥ ሲያሹት ይላላል።»

«እየሰበሰብኩት አይደል እንዴ!»

ሊጡን እየቆረጠ ጣውላው ላይ ያንከባልል ጀመር። መሐሉ ወፈር፣ ሁለቱ ጫፎቹ ሾል ማለት አለባቸው። የጨዋ ስም አላቸው፤ ቤት ውስጥ ግን ሁላችንም «የማሙሽ እንትን» ነው የምንላቸው። ካሮላ ትንሽ ሳለች፣ ቄሱ ምሳ በተጋበዙበት ቀን «የማሙሽ እንትን ጨምሩልኝ!» ብላ ጮኻ፣ ሮስቪታ ጠረጴዛ ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት።

እንዲያ ያማረ ኑድል ከዚያ በፊት አላየሁም። አንዱም አልተሰነጠቀ። ጣውላው ላይ በሰልፍ ተደርድረው ጨረሱ። ጣውላው ኦይገን ራሱ ለሰርጋቸው ለሮስቪታ የሠራላት ነበር፤ የትዳራቸው ሊጥ ሁሉ እዚያ ላይ ነው የተንከባለለው።

የተጣበቀውን ሊጥ በቢላ ጀርባ ሲፍቅ፣ ሁለቱ ሳንቃዎች ከተጋጠሙበት ስንጥቅ አንድ ነገር ቡን አለ። ቆም አለ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ስንጥቁን ጫር አድርጎ የወጣውን ወደ ብርሃን ያዘው።

«ይሄ ስታርች አይደለም» አለ። «ስታርቹ ነጭ ነው። ይሄ ቢጫ ብሏል፤ የቆየ ነው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የሮስቪታ ስንዴ ነው።»

የካሮላ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ኦይገን ኑድሎቹን አየ፣ በሩን አየ። ልብ ብዬ አየሁት፤ ያ ሰው በዚያች ቅጽበት አረጀ። መንገር አለመንገሩ የእኔ ውሳኔ አልነበረም።

ካሮላ ገብታ እኔን ሳመች፣ ምሳ ዕቃዋንም እንደ ልማዷ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ጣውላውን አየች።

«ውይ አባዬ፣ ሲያምሩ! ስንዴ አላቸው?»

«አላቸው።»

ፊቷ ቀዘቀዘ።

«እኔ አላስገባሁም» አለ ቶሎ ብሎ። «ጣውላው ነው። ስንጥቁ ውስጥ የእናትሽ ዱቄት ተቀብሯል። አሁን ነው ያየሁት።»

ጣውላውን ከነኑድሉ አንሥቶ ወጣ። የጎረቤት ዶሮዎች ሲንጫጩ ሰማን። ሲመለስ ባዶ እጁን ነበር፤ ጣውላውን አናጢ ቤቱ ውስጥ ግድግዳ አስደግፎት መጣ። ጠረጴዛውንና መጭመቂያውን አጠበ፣ እጁን እስከ ክርኑ ፈተገ። ካሮላ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆማ ታየው ነበር።

«ባትነግረኝ እኮ አላውቅም ነበር» አለችው።

«ማታ ሆድሽ ይነግርሽ ነበር።»

ለእሁድ ሰላጣ ያስቀመጠው ቀዝቃዛ ድንች ነበረ። ሁለተኛውን ሊጥ ሰበሰበና ግራ ገብቶት ቆመ።

«ጣውላ የለኝም።»

«መዳፍስ የለህም?» አልኩት። «እናታችን በምን ነበር የምታንከባልለው?»

ካሮላ ካፖርቷን አወለቀች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ቆመው ሊጡን በሁለት መዳፋቸው መሐል ማንከባለል ጀመሩ። የእሱ የአናጢ አውራ ጣት አከለ፤ የእሷ ተጣመመ። የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመርናቸው፤ ሲንሳፈፉ አውጥተን፣ ለዛሬ ብሎ በገዛው አዲስ መጥበሻ በዘይት ቡናማ እስኪሆኑ ጠበስናቸው። አጠገባቸው የኮመጠጠ ጎመን፣ ያለ አሳማ ሥጋ፣ በሽንኩርት ብቻ።

ካሮላ ሳህኗን ረጅም ጊዜ አየችው። ምሳ ዕቃው አጠገቧ እንደ ተከደነ ነው። ኦይገን መብላት አቅቶታል። በመጨረሻ አንዱን ጠማማ ኑድል በሹካ ወጋችና ከፍ አደረገችው።

«አባዬ፣ ይሄ ማሙሽ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።»

ጎረሰችው። ኦይገን ሳቀ፤ ስቆ ስቆ ዓይኑን በሽርጡ ጠረገ፣ ሳቅ ብቻ ግን አልነበረም። እሷም ደገመች፣ ሠለሰች። ጣፈጠኝ አላለችም። በእኛ ዘንድ ባለሙያ አይመሰገንም፤ ሳህን ባዶ ከሆነ ይበቃል።

ስትሄድ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ የነበረውን ምስር ድስት ውስጥ ገለበጠችና የተረፈውን ኑድል ሞላችበት። እኛም ማምሻውን ለምስሩ ተቀመጥን። አንድ ጉርሻ ቀመስኩና ኦይገንን አየሁት።

«እንዳትነግራት» አልኩት።

እሱ ግን ስልኩን አንሥቷል።

«ካሮላ? ምስርሽ ጨው የለውም።» ከዚያ ስልኩን በመዳፉ ሸፈን አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። «በዚህ ቤት ከእንግዲህ ስለ ምግብ አይዋሽም።»

ካሮላ ስትስቅ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«እሺ አባዬ» አለች። «በሚመጣው ቅዳሜ ምሳ ዕቃውን ባዶውን አመጣዋለሁ።»